የትናንቱን ዘፈን ማን ይዘፍነዋል?

በካርቲየ ሰባት የሐምሌ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ካምሲን የሚሉት ነፋስ የምድረ በዳውን አቧራና ወላፈን ተሸክሞ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲያፏጭ፣ ሰው ሁሉ ምንጣፉን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ደጅ ላይ ደግሞ ወሬ አለ፣ ሻይ አለ፣ የቆየ ዘፈን አለ። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ነገር የተፈጸመው ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ሌሊቶች በአንዱ፣ በአንድ ወዳጄ ግቢ ውስጥ ነበር።

የተሰበሰብነው ሦስት አዛውንቶች ሲለማመዱ ለመስማት ነው። ሦስቱም ስድሳ አምስትን ተሻግረዋል። አንደኛው እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ልብስ ሲሰፉ ዓይናቸውን ጨርሰዋል፤ ሁለተኛው ከጋላፊ እስከ ወደቡ ባለው መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ወገባቸውን ጨርሰዋል፤ ሦስተኛው ለዚሁ ጉዳይ ከድሬዳዋ የመጡ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ገና ጎረምሶች ሳሉ ሦስቱም በድሬዳዋ በአንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ። መምህሩ ኦርጋን ይጫወቱ፣ ሾፌሩ ድራም ይመቱ፣ ልብስ ሰፊው ይዘፍኑ ነበር። ቡድኑ ሲበተን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆነው ከአርባ ዓመት በላይ ሳይተያዩ ከቆዩ በኋላ፣ በቀድሞው ጊታር ተጫዋቻቸው ቀብር ላይ ተገናኙ። ሞት ሳይቀድመን አንድ ጊዜ እንኳ አብረን እንጫወት የሚለው ሐሳብ የተወለደው በዚያ ለቅሶ ቤት ነው። ለእንቁጣጣሽ እዚህ ጅቡቲ፣ ቀጥሎም ድሬዳዋና ሐረር ላይ ለመጫወት ተስማሙ።

በዚያ ሌሊት የፍቅሩና የትዝታው ዘፈን ሲያልቅ፣ መምህሩ ለሳቅ ያህል የአንድ የአብዮት ዘፈን መግቢያ ነካ አደረጉ። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ያ ዜማ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ነው፤ ሳያስቡት ከተቀመጡበት ያስነሣል። ገሚሱ ሰው ሳቀ፤ ገሚሱ እንደ ዱሮው ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ዘረጋ። ልብስ ሰፊውም ዝም ብለው መቀመጥ አልቻሉም፤ ያን ሁሉ ዘመን ያልዘፈኑትን ግጥም አንዲት ቃል ሳይስቱ አወረዱት። በዚህ መካከል ቡና ያፈሉልን የነበሩት እናት ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንሥተው በማቶቱ ላይ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አደራረቡ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከግቢው ወጡ። ቶናው ገና አልተቀዳም ነበር።

ምክንያቱን የሰማነው በማግሥቱ ነው። የእኚህ እናት ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ከቤቱ በሌሊት ተወስዶ አልተመለሰም። በሚወሰድበት ሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ያንኑ ዘፈን ለሰፈሩ ሁሉ እያሰማ ነበር። አስከሬኑንም አላገኙም። በዓመቱ እርሳቸው በዓሊ ሳቢህ በኩል ወደዚህ አገር ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድማቸው ሲናገሩ የሰማ ጎረቤት የለም። እኛ ሰፈርተኞቻቸው እትዬ ብለን ከመጥራት ያለፈ ስለ ሕይወታቸው የምናውቀው እምብዛም አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሳብሰለስል ቆይቻለሁ። ለአንድ የፖለቲካ ዓላማ ተብሎ የተዘፈነ ዘፈን፣ ዓላማው ካለፈ ወይም ዓላማው ደም ከነካው በኋላ፣ ዘፋኞቹ ተሰባስበው በመድረክ ቢዘፍኑት ምን እያደረጉ ነው? ትዝታ እያነሡ ነው? ትዝታ እየሸጡ ነው? ወይስ የያኔውን ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ እየፈጸሙ?

የወዳጄ ልጅ የሮክ ሙዚቃ አፍቃሪ ነውና ነገሩን አቅልሎ አየው። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ነው ብሎ በስልኩ የአንድ አሜሪካዊ ቡድን ዝግጅት አሳየኝ። ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ይባላል፤ ስሙ በግርድፉ በማሽኑ ላይ የተነሣ ቁጣ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሎስ አንጀለስ ተመሥርቶ፣ በመንግሥትና በከበርቴ ላይ በጩኸት የሚነሡ ዘፈኖችን ሲያሰማ ቆይቶ በ2000 ተበተነ። ጊታር ተጫዋቹ ቶም ሞሬሎ ለእኛ ሰፈር ሩቅ ሰው አይደለም፤ አባቱ በተባበሩት መንግሥታት የኬንያ ዲፕሎማት የነበሩ ሰው ናቸው። ቡድኑ በ2007 ተሰባሰበ፣ ከ2011 በኋላ እንደገና ዝም አለ፣ በ2019 እመለሳለሁ ብሎ አስታወቀ፣ ወረርሽኙ አዘገየው፣ በመጨረሻም በሐምሌ 2022 በዊስኮንሲን መድረክ ላይ ወጣ።

ልጁ ያሳየኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ጉዞው ገና በተጀመረ ሰሞን ቺካጎ ላይ ድምፃዊው ዛክ ደ ላ ሮቻ እግሩ ተጎዳ። አላቆመም። የቀሩትን የአሜሪካ ከተሞች ዝግጅት እስከ ኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ድረስ ተቀምጦ ዘፈነ። በሃያ ዓመቱ መድረክ ለመድረክ ሲዘል የነበረ ሰው፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜው ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያንኑ ቁጣ ሲቆጣ ማየት የተለየ ስሜት አለው፤ አንጀት ይበላል፣ ጥቂትም ያስፈግጋል። ከዚያ በኋላ የነበረው የአውሮፓ ጉዞ ተሰረዘ፤ በጥር 2024 ድራም መቺው ብራድ ዊልክ ቡድኑ ዳግመኛ ለጉዞ እንደማይወጣ ተናገረ።

ይህን ቡድን ገና ከመጀመሪያው የሚያሙት ነበሩ። ከበርቴን እየተሳደቡ አልበማቸውን በሶኒ ኩባንያ በኩል ያወጣሉ፣ ድሃን እየጠሩ ትኬት በውድ ይሸጣሉ የሚሉ። እነርሱም በበኩላቸው ከጉዞው ትኬቶች ጥቂቱን ለበጎ አድራጎት ብለው በከፍተኛ ዋጋ ሸጠው፣ ከዊስኮንሲንና ከቺካጎ ዝግጅቶች የተገኘውን 475 ሺህ ዶላር በሥነ ተዋልዶ መብት ላይ ለሚሠሩ ድርጅቶች ሰጥተዋል። የገንዘቡን ነገር ለጊዜው ልተወው። ሽማግሌ ሙዚቀኛም ይበላል፣ ይታመማል፣ የልጅ ልጅ ያሳድጋል። የሰውን ቁጣ ሐሰት የሚያደርገው ክፍያው አይመስለኝም፤ ክፍያው ሐሰት የሚያደርገው ቢሆን ኖሮ ቅኔ የሚቀኝ ሁሉ ሆዱን አስሮ መዋል በነበረበት።

ይሁን እንጂ ልጁ ያመጣው ምሳሌ የእኛን ሌሊት አይፈታልንም። እነዚያ ሰዎች የዘፈኑት ኃይለኛውን ተቃውመው ነው። ሲመለሱ የሚጠየቁት፣ ያኔ የደፈራችሁትን ዛሬም ትደፍራላችሁ ወይ ተብለው ነው። በእኛ አካባቢ ግን የፖለቲካ የሙዚቃ ቡድን ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከኃይለኛው ጎን ቆሞ የዘፈነውን ማለታችን ነው፤ ስለዚህ ሲመለስ የሚገጥመው ጥያቄ ሌላ ነው።

ኪነትን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ቢኖር ትንሽ ልንገረው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን ከፈጠረ ወዲህ፣ ቀበሌው፣ ከፍተኛው፣ ፋብሪካው፣ ክፍለ ጦሩ ሁሉ የየራሱ የኪነት ቡድን ነበረው ማለት ይቻላል። ጊታር ነክቶ የማያውቅ የደሃ ልጅ ጊታር ያገኘው እዚያ ነው። ኋላ ስመ ጥር ከሆኑት ድምፃውያንም ብዙዎቹ መጀመሪያ ማይክሮፎን የጨበጡት በኪነት ነው፤ ለሀገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ውለታው ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን ያው መድረክ የሰልፍ መቀስቀሻ፣ የግድያ ማጀቢያም ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በታወጀባቸው ወራት ቀን ሲዘፈን የዋለው መፈክር ሌሊት በጥይት ሲተረጎም ያየ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ። ሾፌሩ እንደሚሉት ከሆነ በኪነት ውስጥ መገኘት ራሱ መሸሸጊያ ነበር፤ የሚዘፍን ልጅ አይጠረጠርም። ይህም እውነት ነው። እኔ በዚያ ዕድሜና በዚያ ሰፈር ብሆን ኖሮ ድራሙን አልመታም ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

እዚህ የምንኖርበት ከተማም የራሱ ታሪክ አለው። ካትር ማርስ የተባለው የጅቡቲ ቡድን ስሙን ያገኘው ከአንድ የፓርቲ ልደት ነው፤ ሕዝባዊ ኅብረት ለእድገት የተባለው ገዢ ፓርቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1979 ነበርና። የሙዚቃ ቡድን በአንድ ፓርቲ የምሥረታ ቀን መጠራቱ ለእኛ ለኪነት ልጆች አያስደንቀንም። የሚያስደንቀው በኋላ የሆነው ነው። የቡድኑ ቅጂዎች በጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መዝገብ ቤት ዓመታት ካሳለፉ በኋላ፣ በ2021 ኦስቲናቶ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ለዓለም ገበያ አወጣቸው። ዛሬ በፓሪስ ወይም በኒውዮርክ የሚጨፍርበት ወጣት አራተኛው የመጋቢት ቀን ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚሰማው ኦርጋኑንና ዋሽንቱን፣ የሴቶቹን ድምፅና የባሕረ ሰላጤውን ምት ነው። ዜማው ፓርቲውን እንደ አሮጌ ሸማ አውልቆ ጥሎ ሄዷል። ዜማ ይህን ማድረግ ይችላል። ጥያቄው ሰሚው በሩቅ አገር ያለ ባዕድ ሲሆን ሳይሆን፣ ቡና የምታፈላልህ ጎረቤትህ ስትሆንም ይችላል ወይ ነው።

ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህኛው ነገሩን ያወሳስበዋልና ደስ ይለኛል። ዋበሪ የሶማሊያ መንግሥት የጥበብ ቡድን ነበር፤ ቃሉ በሶማልኛ ንጋት ማለት ነው። ከዝነኞቹ አንዷ መርየም ሙርሳል እ.ኤ.አ. በ1986 ኡሊማዳ የሚል ዘፈን አወጣች፤ ላይ ላዩን የፍቅር፣ ውስጡ ግን የመንግሥት ወቀሳ። ሰሙ ሳይሆን ወርቁ ስለ ተሰማባት ለሁለት ዓመት ከመድረክ ታገደች፤ ታክሲ እየነዳችም ልጆቿን አሳደገች። ጦርነቱ ሲመጣ አምስት ልጆቿን ይዛ የአፍሪካ ቀንድን በእግርና በተገኘው ሁሉ አቋርጣ የደረሰችው እዚህ ጅቡቲ ነው፤ ኋላም ዴንማርክ ተቀበለቻት። በ1997 የተበተነው ዋበሪ አባላት ተሰባስበው አዲስ ንጋት የሚል አልበም ሲያወጡ ድምፃቸው እርሷ ነበረች። እንግዲህ በመንግሥት ደመወዝ የዘፈነ ሁሉ ያው ነው የሚል ሰው ይህችን ሴት ምን ሊያደርጋት ነው? (ታክሲ ካነሣሁ አይቀር የእኛውን የዋልያስ ባንድ ኃይሉ መርጊያን ማስታወስ ግድ ይለኛል። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ዝግጅት ሄዶ ገሚሱ እዚያው ሲቀር፣ እርሱም በዋሽንግተን ለረጅም ዘመን ታክሲ ነድቷል፤ የድሮ ካሴቱ በ2013 እንደገና ከታተመ በኋላ ግን ወደ መድረክ ተመልሶ ዓለምን ዞረ። የዚህ አካባቢ ሙዚቃ ታሪክ ቢጻፍ አንዱ ምዕራፍ የታክሲ ምዕራፍ መሆኑ አይቀርም።)

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ነገሩ ከተሰማ በኋላ ሰፈሩ ተከፋፈለ። ልጆቹ ዜማ ዜማ ነው፣ ዘፈን ሰው አይገድልም አሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ሁለት ሆኑ፤ ገሚሱ የታዘዘ ልጅ ምን ያድርግ ብሎ ለዘፋኞቹ ጠበቃ ቆመ፣ ገሚሱ ያ ዘፈን ከነዘፋኙ ይቀበር አለ። ሦስቱም አነጋገሮች ውስጥ እውነት አለ፤ ሦስቱም ግን ከአንድ ነገር የሚሸሹ ሆነው ታዩኝ። ሦስቱም ዘፋኙን ከመጠየቅ ያድኑታል። ዜማ ዜማ ብቻ ከሆነ የሚጠየቅ የለም። የታዘዘ ልጅ ከሆነ የሚጠየቀው አዛዡ ነው። ከተቀበረም መቃብር አይጠየቅም።

እኔ የደረስኩበት እንዲህ ነው። የፖለቲካ ዘፈን እንደ ሌላው ዘፈን የዜማ ንብረት ብቻ አይደለም፤ በአደባባይ የተሰጠ ቃል ነው። ቃል የሰጠ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ በዚያው አደባባይ ሊቆም ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን የሚቆመው እንደ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ሁለት ነገር አይፈቀድለትም። ያኔ ያለውን ዛሬ አሳምሮ መለወጥ አይችልም፤ ጥያቄ ሲመጣበትም ሰዓቴ አልቋል ብሎ መውረድ አይችልም። ተቆጥቶ የዘፈነው አሜሪካዊም ሆነ ታዝዞ የዘፈነው የቀበሌ ልጅ እዚህ ላይ እኩል ናቸው። ልዩነታቸው የሚጠይቃቸው ሰው ማንነት ላይ ነው፤ ያኛውን የሚጠይቀው ትኬት የገዛ አድናቂ ነው፣ ይኸኛውን የምትጠይቀው ወንድሟን ያጣች እህት ናት።

ለሳቅ ያህል መዘፈኑ ነው የከፋኝ። ኦርጋን ተጫዋቹ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የምናውቃቸው ደግ መምህር ናቸው። ሳቁ ግን ዘፈኑን ከምስክርነት አውጥቶ ወደ ጨዋታ ያገባዋል። እኔም ስቄአለሁ። ግራ እጄን ካነሡት አንዱ ነበርኩ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ የቀረው ጽሑፍ ሁሉ ዋጋ የለውም። ያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩና ለእኔ ዘፈኑ የሰልፍ፣ የከረሜላና የትምህርት መዘጋት ትዝታ ነው። አንዱ ሰው ከረሜላ የሚያስታውስበት ዜማ ለሌላው ያልተገኘ አስከሬን ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ ቡና ይጠጣሉ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊው ለማንም ሳይናገሩ ወደ እትዬ ቤት ሄዱ። የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እንድጽፈውም ሁለቱም ፈቅደዋል። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል አዘጋጅተው ነበር። እትዬ ግን አላስጨረሷቸውም፤ ወንበር ሰጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ስትዘፍኑ ተኩሱ ይሰማችሁ ነበር?»

የእነርሱ ቡድን ይሁን የሌላ ቀበሌ፣ ያ ሌሊት ይሁን ሌላ ሌሊት፣ ሁለቱም በእርግጥ አያውቁም። ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ አዳራሽ፣ ብዙም ድምፅ ማጉያ ነበር። ልብስ ሰፊው በዚህ ሊያመልጡ ይችሉ ነበር፤ እኛ አልነበርንም ቢሉ የሚያስተባብላቸው አልነበረም።

«ይሰማን ነበር እትዬ» አሉ። «ድምፁን ከፍ አድርጉ ሲሉን ለምን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ከፍ አደረግነው።»

እትዬ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ከሰል አያያዙ፤ ቡናውም እስከ በረካ ድረስ ተጠጣ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደተባባሉ ልብስ ሰፊው አልነገሩኝም።

የእንቁጣጣሹ ዝግጅት በሰላም አለፈ፤ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፣ ያ ዘፈንም አልተዘፈነም። የድሬዳዋውና የሐረሩ ግን ገና ነው፤ ሦስቱም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። መምህሩ ከዚህ በኋላ እጄን አላነሣበትም ብለዋል። ሾፌሩ፣ የኖርነው እኛ ነን፣ ብንደብቀው የባሰ ውሸት ይሆናል ባይ ናቸው። ልብስ ሰፊው ደግሞ በተለይ በድሬዳዋ መዘፈን አለበት፣ ነገር ግን አስቀድሜ ለሕዝቡ ለእትዬ የነገርኳቸውን መናገር አለብኝ ይላሉ። የእኔን ሐሳብ ቢጠይቁኝ ከልብ ሰፊው ጋር እቆማለሁ፤ የአዳራሹ ባለቤት፣ የአዘጋጆቹ ኮሚቴና የትኬት ሻጩ ከእኛ ጋር እንደማይቆሙ ግን ከወዲሁ ይታወቀኛል። ለመዝናናት ከፍሎ የገባ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል እንዴት እንደሚቀበለው እኔም መገመት አልችልም። ምናልባት አንድ ሰው ይነሣና ይወጣል። ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ ይጠይቃል።

ባለፈው ሳምንት ሦስቱ አዛውንቶች የጉዞውን ነገር ሲነጋገሩ፣ እትዬ በአንድ ልጅ እጅ ገንዘብ ልከው ለእርሳቸውም እስከ ድሬዳዋ ትኬት እንዲቆረጥላቸው ጠይቀዋል። ከወጡ ወዲህ አንድም ቀን ተመልሰው አያውቁም። ዝግጅቱን ለመስማት ይሁን ወንድማቸው የተወሰደበትን ቤት ለማየት አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።